የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው? ከሐዋላ እስከ ሰርጓጅ ልውውጥ

ሐዋላ ልኮ ወይም ተቀብሎ ለሚያውቅ ሰው የምስጢር ቁጥርን ነገር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ናይሮቢ ኢስሊ ላይ ሽልንጉን ያስረከበ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን ለዘመዱ በስልክ ይነግራል። ዘመዱ ሌላ ከተማ ላለው ወኪል ቁጥሩን ጠርቶ ገንዘቡን ይቆጥራል። ድንበሩን የተሻገረው ቁጥሩ እንጂ ገንዘቡ አይደለም።

አሠራሩ ከዘመናዊ ባንክ የቀደመ ነው፤ እኛም አባቶቻችንም ኖረንበታል። አንድ ቀዳዳ ግን ሁልጊዜ አለው። ገንዘቡን ካስረከብንበት ደቂቃ ጀምሮ ዘመድ እስኪቆጥረው ድረስ ያለን ነገር የሰው ቃል ብቻ ነው። ወኪሉን የምናምነው ሱቁን ስለምናውቅ፣ ቤተሰቡን ስለምናውቅ፣ ቢጠፋ በማን በኩል እንደምንደርስበት ስለምናውቅ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ይህን ቀዳዳ በሂሳብ ለመድፈን ስለሞከሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ሙከራቸው የት ድረስ እንደሄደና የት ላይ እንደቆመም እናያለን። ጉዳዩ ቢትኮይንን ከሰንሰለቱ ላይ ወደ ሰንሰለቱ ውጭ፣ ከውጭም ወደ ሰንሰለቱ የሚያዞር ሶፍትዌር ነው።

ለምን እንደምንጽፈውም እንናገር። ከእኛ ከነጋዴዎቹ አንዱ በሰንሰለቱ ላይ የነበረውን ቢትኮይን «በላይትኒንግ እመልስልሃለሁ» ላለው ሰው በስልክ መልእክት ብቻ ተስማምቶ ላከ። ሰውየው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በትክክል መልሶለት ነበር። ሦስተኛው ገንዘብ ትልቅ ነበር፤ ሰውየውም ስልኩም ጠፉ። የቅርጫ በግ ዋጋ ቢሆን እንስቅ ነበር፤ የሁለት ወር የሸቀጥ ገንዘብ ነበር። እጅግ ያስቆጨን ደግሞ ይህን ልውውጥ ማንንም ሳያምኑ የሚያከናውን ሶፍትዌር በዚያን ጊዜ መኖሩ ነው። እኛ አላወቅነውም።

መጀመሪያ ግን «ማዞር» ለምን ያስፈልጋል? ይህን ከማንም በላይ የኤም-ፔሳ ኤጀንት ይረዳዋል። ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን በኬንያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ኤጀንት ሁለት ኪስ አለው፤ አንዱ የመሳቢያው ጥሬ ገንዘብ፣ ሌላው በስልኩ ያለው ፍሎት። ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንት ሁሉም ሊያወጣ ይመጣል፤ ስልኩ ይሞላል፣ መሳቢያው ባዶ ይሆናል። የገበያ ቀን ደግሞ ሁሉም ሊያስገባ ይመጣል፤ መሳቢያው ይሞላል፣ ፍሎቱ ያልቃል። ኤጀንቱ ሀብታም ሆኖ ሳለ ሥራ ያቆማል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የተቀመጠበት ኪስ ነው የተሳሳተው። ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ከጀመሩ ወዲህ የእኛም ሱቆች ይህን ችግር በደንብ ለምደውታል።

ቢትኮይንም ሁለት ኪስ ያወጣው ቆየት ብሎ ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተጻፈው ጽሑፍ በጥቅምት 31 ቀን 2008 ወጣ፤ ሰንሰለቱ በጥር 2009 ጀመረ። በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ብሎክ ይጨመራል፤ በብሎኩ ውስጥ ያለው ቦታም የተወሰነ ነው። ተጠቃሚ ሲበዛ ቦታው በጨረታ ይሸጣል፤ ብዙ የከፈለ ይቀድማል። በታኅሣሥ 2017 ገበያው ሲጦዝ የአንድ ዝውውር ክፍያ በአማካይ ከ50 ዶላር በላይ የደረሰበት ቀን ነበር። 20 ዶላር ለመላክ 50 ዶላር መክፈል ማለት ነው። ለቡና ነጋዴ ባይጎዳም ለጫማ ነጋዴ አይሆንም።

መፍትሔው ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ ነበር። ጆሴፍ ፑን እና ታዴየስ ድራይጃ የተባሉ ሁለት ሰዎች የላይትኒንግን ሐሳብ በ2015 አቀረቡት፤ የታወቀው ጽሑፋቸው የጥር 2016 ቀን ይዟል። ሐሳቡ የዱቤ መዝገብ ላለው ሰው አዲስ አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ጊዜ በሰንሰለቱ ላይ ገንዘብ ይቆልፋሉ፤ ይህ ቻናል ይባላል። ከዚያ በኋላ የእኔና የአንተ ድርሻ ይህን ያህል ነው እያሉ በመካከላቸው ብቻ መዝገቡን ያድሳሉ። ሰንሰለቱን የሚነኩት ሲከፍቱና ሲዘጉ ነው። ቀጥታ ቻናል የሌላቸው ሰዎችም በመካከል ባሉ ሌሎች ቻናሎች በኩል ይከፋፈላሉ፤ ከኢስሊ ወደ አዲስ አበባ በናኩሩ ወኪል በኩል እንደሚያልፍ ሐዋላ። ሐሳቡ በደንብ እንዲሠራ ግን ቢትኮይን ራሱ መሻሻል ነበረበት፤ ሴግዊት የተባለው ማሻሻያ በነሐሴ 2017 ሥራ ላይ ዋለ።

ያ ዓመት ሳያልቅ አሌክስ ቦስዎርዝ የተባለ ፕሮግራመር የስልክ ሂሳቡን በላይትኒንግ ከፈለ። እውነተኛ ገንዘብ፣ እውነተኛ የስልክ ሂሳብ ነበር። የአየር ሰዓት ለሚሸጥ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የዚህን ሰው ስም ያዙት፤ ይመለሳል።

አሁን የኤጀንቱ ችግር በአዲስ ልብስ መጣ። ቻናል የከፈተ ሰው መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ ሁሉ በእሱ በኩል ነው፤ መክፈል ይችላል፣ መቀበል አይችልም። በሌላው በኩል ምንም ስለሌለ ወደ እሱ የሚገፋ ነገር የለም። ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ሲቀበል ሲቀበል የእሱ በኩል ይሞላና መቀበሉ ይቆማል። ቻናሉን ዘግቶ ሌላ መክፈት ይችላል፤ ግን ያን ጊዜ የሰንሰለቱን ክፍያ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የሚፈለገው ቻናሉን ሳይዘጉ ገንዘቡን ወደ ሌላው ኪስ ማዞር ነው።

ቁልፉ ከዚያ በፊት ተፈልስፎ ነበር። በግንቦት 2013 ቲየር ኖላን በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች ላይ ያሉ ሰዎች ሳይተማመኑ እንዴት እንደሚለዋወጡ አሳየ። ነገሩ እንደ ሐዋላችን በምስጢር ቁጥር ይጀምራል። አንዱ ወገን ትልቅ ምስጢር ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሃሽ የሚባለውን አሻራውን ነው። ከቁጥሩ አሻራውን ማውጣት ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ ከአሻራው ተነሥቶ ቁጥሩን ማግኘት ግን አይሞከርም። ከዚያ ሁለቱም ገንዘባቸውን በዚያ አሻራ ይቆልፋሉ፤ ቁጥሩን ያሳየ ይወስዳል። ባለ ቁጥሩ ገንዘቡን ለመውሰድ ቁጥሩን ሲያሳይ ሌላውም ቁጥሩን አይቶ የራሱን ይወስዳል። ማንም ካልወሰደ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህን የጊዜ መቆለፊያ በቢትኮይን ላይ ቀላል ያደረገው ማሻሻያ በታኅሣሥ 2015 መጣ።

ከእኛ ሐዋላ የሚለየውን አስተውሉ። በሐዋላ ቁጥሩ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ወኪሉ «ዛሬ ብር የለኝም» ቢል ቁጥሩ ምንም አያደርግም። እዚህ ቁጥሩ ራሱ ቁልፍ ነው። በሐዋላ ቁጥሩን የሚያወጣው ወኪሉ ነው፤ እዚህ ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ነው የሚያወጣው።

ላይትኒንግም በመካከለኞች በኩል ሲከፍል የሚጠቀመው ይህንኑ መቆለፊያ ነው። ስለዚህ አንዱ አሻራ በሰንሰለቱ ላይ ያለን ገንዘብና በላይትኒንግ የሚመጣን ክፍያ አንድ ላይ ሊያስር ይችላል። ይህን ወደ ሥራ የለወጠው ያ የስልክ ሂሳቡን የከፈለው ቦስዎርዝ ነው፤ በ2018። ስሙንም ሰርጓጅ ልውውጥ አለው፤ ገንዘቡ እንደ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከሰንሰለቱ ሥር ይጠልቃልና። በመጋቢት 2019 ላይትኒንግ ላብስ የተባለው ኩባንያ ሉፕ የሚባለውን አገልግሎት ለሙከራ አወጣ። መጀመሪያ የወጣው ከላይትኒንግ ወደ ሰንሰለቱ የሚያወጣው ነበር፤ ነጋዴው በጣም የሚፈልገው የሞላውን ኪስ ማራገፍ ስለሆነ። የሚያስገባው ቀጥሎ መጣ። በዚያው ዓመት ቦልትዝ የተባለ ሌላ አገልግሎት ተከተለ፤ የዚህ የሰርቨሩም ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። የሉፕ ግን ክፍት የሆነው የደንበኛው ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ የኩባንያው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኛም ተሳስተናል። ሰርቨሩ ታማኝ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልውውጡን አስተማማኝ የሚያደርገው ግን ሰርቨሩ ሳይሆን በደንበኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። ሰርቨሩ ሌባ ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው የተሠራው። የደንበኛው ሶፍትዌር ሰነፍ ከሆነ ሂሳቡ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከላይትኒንግ ወደ ሰንሰለቱ ሲወጣ የሚሆነውን እንከተል። ምስጢር ቁጥሩን የሚያወጣው የእኛ ሶፍትዌር ነው፤ ለሰርቨሩ አሻራውን ብቻ ይልካል። ሰርቨሩ የላይትኒንግ መክፈያ ይልክልናል፤ እንከፍላለን፤ ነገር ግን ክፍያው በመንገድ ላይ ተይዞ ይቆያል፤ ሰርቨሩ ቁጥሩን ስለማያውቅ ሊወስደው አይችልም። ቀጥሎ ሰርቨሩ በሰንሰለቱ ላይ ገንዘቡን በዚያው አሻራ ይቆልፋል። የእኛ ሶፍትዌር ቁጥሩን አሳይቶ ያንን ይወስዳል። ቁጥሩ በአደባባይ ሲታይ ሰርቨሩም አይቶ የተያዘውን የላይትኒንግ ክፍያ ይወስዳል። ሉፕ በዚህ ላይ አነስተኛ ቅድሚያ ክፍያ ጨመረበት፤ አስጀምሮ የሚጠፋ ደንበኛ ሰርቨሩን በከንቱ የሰንሰለት ክፍያ እንዳያስከፍለው። ዕቃ አስጭኖ ለሚቀር ሰው ቀብድ እንደማስያዝ ነው፤ ተገቢ ነው እንላለን።

ከእነዚህ መስመሮች ጀርባ ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች የታገሉበት ዝርዝር አለ። ሰርቨሩ የላከውን አድራሻ እንዳለ መቀበል አይቻልም። ሶፍትዌሩ የመቆለፊያውን ውሎች ራሱ ቀምሞ፣ አድራሻውን ራሱ አውጥቶ፣ ከተላከው ጋር ማመሳከር አለበት። አሻራው የእኛ ነው? የጊዜ ገደቡ የተስማማነው ነው? መጠኑስ? አንዱ ቢዛባ ልውውጡ መቆም አለበት። ይህን የማያደርግ ሶፍትዌር ውሉን ሳያነብ የሚፈርም ነጋዴ ነው።

ቀጥሎ መመዝገብ አለ። ከመክፈል በፊት ቁጥሩና ቁልፎቹ በማይጠፋ ቦታ መጻፍ አለባቸው። መጀመሪያ ከፍሎ ከዚያ የሚመዘግብ ፕሮግራም በመካከል መብራት ቢጠፋ ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል። እኛ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የምንሠራ ሰዎች ይህን ስንሰማ አልተደነቅንም። በድረ ገጽ ላይ የሚሠራው የቦልትዝ ገጽ ለብዙ ጊዜ ወደ ላይትኒንግ ለሚያስገባ ሰው የተመላሽ ፋይል አውርዶ እንዲያስቀምጥ ይሰጥ ነበር። ልውውጡ ቢከሽፍ የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላ ገንዘብን የሚመልሰው ያ ፋይል ነው። ስንቱ ሰው ፋይሉን ሳያይ ሰረዘው! በኋላ 12 ቃላት መጡ፤ አንድ ጊዜ በወረቀት ከተጻፉ ለሚመጡት ልውውጦች ሁሉ ይበቃሉ። እንደ እኛ ግምት ከመላው ፈጠራ ለተራ ሰው የጠቀመው ይህ ትንሽ ለውጥ ነው።

ሦስተኛው ነገር አደገኛው ነው። ገንዘቡን ለመውሰድ ቁጥሩን ወደ ሰንሰለቱ ስንልክ ዝውውሩ ብሎክ ውስጥ እስኪገባ ይጠብቃል። ቁጥሩ ግን ከተላከበት ቅጽበት ጀምሮ ለሁሉም ይታያል። ያቀረብነው ክፍያ አነስተኛ ከሆነና ሰንሰለቱ ከተጨናነቀ፣ ወረፋ ላይ ቆመን የጊዜ ገደቡ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ቁጥሩን ተጠቅሞ የላይትኒንጉን ይወስዳል፤ ጊዜው አልፏልና በሰንሰለቱ ላይ የቆለፈውንም ማስመለስ ይችላል። ሁለቱንም! ማንም ሕግ ሳይጥስ ገንዘባችን ሄደ ማለት ነው። ገደቡ 144 ብሎክ ቢሆን አንድ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ጥሩ የደንበኛ ሶፍትዌር ሰንሰለቱን ይጠብቃል፤ ገደቡ ሲቀርብ ክፍያውን ይጨምራል፤ በጣም ከቀረበ ደግሞ ጭራሽ ቁጥሩን አያወጣም። በሚያዝያ 2024 የማይነሮች ሽልማት በግማሽ በተቀነሰበት ቀን አማካይ ክፍያው ከ100 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያ ቀን የተኛ ሶፍትዌር ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ፕሮግራሞችን የሚዘጋ ርካሽ ስልክም ለዚህ ሥራ ጥሩ ዘበኛ አይደለም።

ክፍያውን ለመቀነስ ብዙ ተሞክሯል። በኅዳር 2021 ታፕሩት የተባለው ማሻሻያ ሥራ ላይ ሲውል፣ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በጋራ ፊርማ ብቻ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ ቻሉ። መቆለፊያውና ቁጥሩ በሰንሰለቱ ላይ አይታዩም፤ ዝውውሩ ተራ ዝውውር ይመስላል፣ ይረክሳልም። ካልተስማሙ የድሮው መንገድ ከኋላ አለ። ሽማግሌ ፊት ሳይቀርቡ የሚታረቁ፣ ሽማግሌ መኖሩን ግን የሚያውቁ ተጣይዎች ማለት ናቸው። የአርጀንቲናው ሙን ዋሌት ደግሞ ገንዘቡን ሁሉ በሰንሰለቱ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን የላይትኒንግ ክፍያ በሰርጓጅ ልውውጥ ያደርገዋል። ለተጠቃሚው ቀላል ነው፤ የሰንሰለቱ ክፍያ ሲወደድ ግን ሙቀቱ በቀጥታ ይደርሰዋል። ሌሎች ሊኩዊድ በሚባለው ጎን ሰንሰለት ላይ ያዞራሉ፤ ይረክሳል፣ ግን እሱን የሚጠብቀው የኩባንያዎች ማኅበር ነው፤ ስለዚህ የሰው ቃል በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። በናይሮቢ ቢትፔሳ የተባለው ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ ቢትኮይንን ከሞባይል ገንዘብ ጋር ያገናኝ ነበር። በ2015 መጨረሻ ሳፋሪኮም መስመሩን ዘጋበት፤ ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ዝጋቱ ጸና። በዚያው ታኅሣሥ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2025 ኬንያ ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎቶች ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣች። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ይህን ስታነቡ የቆማችሁበት የድንበሩ ወገን ለውጥ አለው፤ የታሪክ ጽሑፍ እንጂ የሥራ ምክር አልጻፍንም።

ዛሬ በኬንያ ታንዶ የተባለው መተግበሪያ በላይትኒንግ የተከፈለውን በኤም-ፔሳ ሽልንግ አድርጎ ለሱቁ ያደርሳል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ክጎታትሶ ንጋኮ የመሠረተው ማቻንኩራ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ፣ ኮከብና መሰላል እየተመታ፣ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ላይትኒንግን ያስኬዳል። ሁለቱንም እናደንቃለን። ግን እላይ የዘረዘርነው ሂሳብ እዚህ በር ላይ ይቆማል። ኤም-ፔሳ አሻራ አያውቅም፤ ገንዘብን በምስጢር ቁጥር ቆልፎ፣ ገደቡ ሲያልፍ የሚመልስ ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ በመካከል ያለው ኩባንያ ላይትኒንጉን ተቀብሎ ሽልንጉን እስኪልክ ድረስ ባሉት ሰከንዶች ገንዘቡ በእሱ እጅ ነው። በተራ ስልኩ ላይ ደግሞ ቁልፉን የሚይዝ ሶፍትዌር ቦታ ስለሌለው ቁልፉን የሚይዘው አገልግሎቱ ነው።

በሰከንዶችና በሁለት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ መሆኑን አንክድም። ያ ወንድማችን ገንዘቡን የላከለት ሰው የሰርጓጅ ልውውጥ ሰርቨር ቢሆን ኖሮ፣ በሌብነቱ እንኳ የሚያገኘው ነገር አልነበረም፤ ገንዘቡ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ይመለስ ነበር። አሁን ወንድማችን 12ቱን ቃላት በወረቀት ጽፎ እናቱ ቤት፣ የመሬት ካርታው ባለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጧል። ሽልንግ ሲያስፈልገው ግን ዛሬም ኢስሊ ወደዚያው ሱቅ ይሄዳል፤ ባለሱቁ ወንበር ስቦለት ሻይ ያዝለታል፣ ገንዘቡን ይቆጥርለታል።